ሁለተኛው ገበታ

አረጋ በእሑድ ቀን ሱቁን ከፍቶ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ሬሳው የተገኘው ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ የሥራ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሐኪሙ እሑድ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ሞቷል አለን። ከጆሮው በላይ አንድ ጊዜ ተመትቷል። የተመታበት የበር ማስደገፊያ ብረት እግሩ ሥር ወድቆ ነበር። መነጽሩ አልተሰበረም፤ እንዲያውም በደንብ ፊቱ ላይ ነው።

አረጋ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ላሊበላ ውስጥ ፍርድ ቤት የቆመ፣ መሬቱ የተነካበት ወይም ውርስ የተነጠቀ ሰው ሁሉ በዚያች ጠባብ ሱቅ አልፏል። እኔም አልፌያለሁ። የዝውውር ማመልከቻዬን የጻፈልኝ እሱ ነው። ዝውውሩ አልተፈቀደልኝም፤ ጽሑፉ ግን ጥሩ ነበር።

ስሜ ኢንስፔክተር ይማርሽ ነው። የወገል ጤና ልጅ ነኝ፤ ላሊበላ ላይ ወንጀል ስመረምር ሰባት ዓመቴ ነው። ኮምፒውተር አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚህ ጉዳይ የሠራሁት ስህተት ከዚያ ስለመጣ ነው።

ሬሳውን ያገኘችው የሱቁ ረዳት ጸሐፊ ዓለምእሸት ናት። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች አገኘኋት።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«ተገጥሞ ነበር እንጂ አልተቆለፈም።»

«የነካሽው ነገር አለ?»

«ምንም። ኮምፒውተሩም በርቶ ነው ያገኘሁት።» ቀና ብላ ወደ ውስጥ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «እንዴ፣ ይኼ የሐምዳን ነው።»

«ምኑ?»

«ገጹ። እኔ ስገባ አበባ ነው የሚመጣው። የጋሼ አረጋ የገነተ ማርያም ሥዕል ነው። ይኼ ጥቁሩ የሐምዳን ነው።»

ሐምዳን የሱቁ ቴክኒሻን ነው። ደንበኛ ፍላሽ በሰካ ቁጥር ቫይረስ እየገባ ሥራ ሲያበላሽባቸው፣ የድሮውን ነገር ሁሉ ከማሽኑ አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ቫይረስ የማይደፍረውን ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት የጫነው እሱ ነው። ለሦስቱም በየስማቸው የሚከፈት የሥራ ቦታ ሠራላቸው፤ ሴሽን ይለዋል። አንዱ በስሙ ሲገባ የሌላውን ሥራ አያይም። ለየሰዉም አራት አራት ገበታ ሰጠ። ገበታ ማለት መስኮቶች የሚዘረጉበት ሜዳ ነው፤ አንዱ ሲታይ ሦስቱ ይደበቃሉ።

«የኔን ግን አንድ ብቻ አስደረግሁት» አለችኝ ዓለምእሸት። «አንድ ቀን ሙሉ የጻፍኩት ደብዳቤ ድንገት ጠፋብኝና አለቀስኩ። ለካስ ሦስተኛው ገበታ ላይ ነበር። ጋሼ ግን ወደውት ነበር።»

«አረጋ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ቅዳሜ ከሐምዳን ጋር። ወልድያ ሥራ አግኝቶ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፉልኝ ቢላቸው እንቢ አሉት። ጮኸባቸው። ሰው ሰምቷል።»

ወልድያ ላለ የኮምፒውተር ባለሙያ ባልደረባችን ደወልኩ። እሱ በስልክ ፊደል በፊደል እየነገረኝ ጻፍኩና የገቡና የወጡ ሰዎች ዝርዝር ወጣ። አረጋ እሑድ ስምንት ሰዓት ከአምስት ገብቷል፤ መውጫው አልተመዘገበም። ቀጥሎ ያለው መስመር የሐምዳን ነው፤ እሑድ አሥር ሰዓት ከሃያ።

«መውጫ ከሌለው ማሽኑ በድንገት ጠፍቷል ማለት ነው» አለኝ ባለሙያው። እኔ የገባኝ ግን ሐምዳን አረጋን ገድሎ፣ ማሽኑን ነቅሎ፣ መልሶ በራሱ ስም እንደገባ ነው። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ሰኞ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ልጁን ከእናቱ ቤት አወጣሁት። እናቱ ኡሙሀኒ በር ላይ ቆማ «ኢንስፔክተር፣ ልጄ ዶሮ ማረድ የማይችል ነው» አለችኝ። እናት ሁሉ የሚለው ነው ብዬ አለፍኳት።

*

«እሑድ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ከብልባላ እየተመለስኩ፤ መንገድ ላይ። የአጎቴን የሶላር ባትሪ ቀይሬ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ። መኪና አጣሁና በእግሬ መጣሁ።»

«ማን አየህ?»

«አህያ የሚነዱ ሰዎች አልፈውኛል። አላውቃቸውም።»

ብልባላ ደውዬ አጎትየውን ጠየቅሁ። ስምንት ሰዓት ላይ መውጣቱን አረጋገጠልኝ። መኪና ያገኘ ሰው ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ ላሊበላ ይገባል፤ ስለዚህ አጎቱ ልጁን ከማዳን ይልቅ አሳሰረልኝ።

«ታዲያ በስምህ የገባው ማነው?»

«ማሽኑ ራሱ ነው» አለ። «ወላሂ ኢንስፔክተር። ቅዳሜ ዲስክ ስቀይርላቸው ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ስለነበረብኝ፣ ሲነሳ በኔ ስም ይለፍ ቃል ሳይጠይቅ እንዲከፈት አዘዝኩት። ከዚያ ተጣላንና ሳልመልሰው ወጣሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ጋሼ ናቸው እንዲያ አድርገው ያሉኝ።»

ሳቅሁበት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። በሃያ ዓመት ሥራዬ ብዙ ምክንያት ሰምቻለሁ፤ ወንጀሉን ዕቃው ሠራው ያለኝ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። ረቡዕ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀርብሃለሁ አልኩት። አንገቱን ደፋ።

*

ማክሰኞ ጠዋት ነገሩን ለማጠናቀቅ ያህል የአረጋን የቀጠሮ ደብተር አገላበጥኩ። የእሑዱ ገጽ ባዶ ነው። የቅዳሜው የመጨረሻ ስም ኃይለ ማርያም ይላል፤ ባለ ሆቴሉ። ቢሮው ሄድኩ።

«ክሴን እንዲያሻሽልልኝ ነበር የሄድኩት» አለኝ። «የሟች ወንድሜን ቤት ይዛ አልለቅም ያለች ሴት አለች፤ ባንችይርጋ የምትባል። ገነተ ማርያም።»

«የወንድምዎ ሚስት ናት?»

«ገረዱ ናት። ሚስት ነኝ ትላለች እንጂ ወረቀት የላትም። ወረቀቱ በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ ሲዘረፍ ጠፋ ትላለች። ምስክሮቼም ሞቱ ትላለች።»

«እሑድስ የት ነበሩ?»

«ጠዋት እዚያው ገነተ ማርያም ሽማግሌ ተቀምጠን ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት ከቤቱ ካልወጣሽ በሩን አሽገዋለሁ አልኳት፤ አልደብቅም። ሰባት ሰዓት ላይ እዚህ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ከእንግዶቼ ጋር ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተር እኔው ራሴ ነኝ ያስነሳሁት። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ።»

ሁለት አስተናጋጅና አንድ አስጎብኚ ቃሉን አረጋገጡለት። ሰውየውን ጠላሁት፤ ግን አልገደለም። ስለ መብራቱ የነገረኝንም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ አለፍኩት።

ገነተ ማርያም የወረድኩት ሥራዬን ጨርሻለሁ ለማለት ብቻ ነው። ባንችይርጋ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ለብሳ ገብስ ታበጥራለች። ሰፌዷን አላስቀመጠችም።

«አረጋ የሚባለውን ጸሐፊ ታውቂዋለሽ?»

«አዎ፣ አውቃቸዋለሁ። የክሱን መልስ ይጽፉልኝ ነበር።» ገለባውን እፍ አለችበት። «ሰው መስለውኝ ነበር።»

«እሑድ የት ዋልሽ?»

«ከሽማግሌዎቹ በኋላ እቤቴ ነኝ። ላም አለችኝ፤ ታማብኛለች። ብቻዬን ነበርኩ እትዬ።»

ልሄድ ስነሳ ጠራችኝ። «የታሰረው የእስላም ልጅ ምን ይሆናል?»

«ፍርድ ቤት ያውቃል።»

«ልጅ አለው?»

«የለውም። እናት አለችው።»

ሰፌዱን አንድ ጊዜ ነቀነቀችና አቆመች። ሐዘን ነው አልኩ። መኪናው እየጠበቀኝ ስለነበር ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

*

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የኃይለ ማርያምን ክስ ቅጂ ለመፈለግ የታሸገውን ሱቅ ከፍቼ ገባሁ። ከተማው ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረውም። በሩን ለብርሃን ከፍቼ መሳቢያ ስበረብር ከኋላዬ የሆነ ነገር ጠቅ አለ።

መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ማጉረምረም ጀመረ። ስክሪኑ በራ፤ የፊደል መዓት ወረደበት፤ ከዚያ ጥቁሩ ገጽ ወጣ። የወልድያው ባለሙያ የነገረኝን ፊደል በፊደል መልሼ ጻፍኩ። ዝርዝሩ ላይ አዲስ መስመር ተጨምሯል። ሐምዳን፣ ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት።

ሐምዳን በዚያ ሰዓት በጣቢያው እስር ክፍል ውስጥ ነበር። የቆለፍኩበት እኔ ነኝ።

ባዶው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኃይለ ማርያም ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ዘጠኝ አልፎ ሄደ፣ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ። ልጁ የነገረኝ ሁሉ እውነት ነበር። ስቄበታለሁ፤ እናቱንም ገፍቼ አልፌያታለሁ። ወደ ጣቢያ ደውዬ አምጡልኝ አልኩ።

በካቴና አመጡት። ተጠርጣሪ ማስረጃ ላይ እጁን እንዲያሳርፍ ማድረግ ደንብ አይፈቅድም፤ አውቃለሁ። ካቴናውን ፈታሁለት።

«አረጋ የሠራበትን፣ መብራት ሲሄድ የጠፋውን ማየት ይቻላል?»

የእጁን አንጓ እያሻሸ ስክሪኑን አየ። «ይቻላል። መብራት እያስቸገረ ስለሆነ በየአምስት ደቂቃው የተከፈተውን ሁሉ እንዲመዘግብ አድርጌዋለሁ። በሳቸው ስም ስንገባ መስኮቶቹ በየቦታቸው ይመለሳሉ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ኢንስፔክተር፣ ብነካው ኋላ አጠፋህ አይሉኝም?»

«አልልህም።»

በአረጋ ስም ገባ። የገነተ ማርያም ሥዕል ወጣ፤ ሌላ ምንም የለም። ገጹ ባዶ ነው።

«ጠፍቷል» አልኩ።

«ይኼ አንደኛው ገበታ ነው። ጋሼ ለሁለቱም ወገን ነው የሚጽፉት፤ ከሳሹም ተከሳሹም እሳቸው ጋ ይመጣል። ሁሉም ማመልከቻ ጸሐፊ እንዲያ ነው። ክስ በአንደኛው ገበታ፣ መልስ በሁለተኛው። አንዱ የሌላውን እንዳያይ ብለው ነው የወደዱት።» ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነ።

ገጹ ተንሸራቶ ሌላ መጣ። መስኮት ተከፍቷል። «የተከሳሽ መልስ» ይላል። ተከሳሽ፤ ባንችይርጋ። በአረጋ አማርኛ፣ ያለ አንድ ትርፍ ቃል የተጻፈ ሁለት ገጽ ነው። የመጨረሻውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ከሳሽ ዛሬ ጠዋት በሽማግሌዎች ፊት የተከሳሽን ቤት አሽገዋለሁ በማለት የዛተ ስለሆነ» ይላል።

ዛሬ ጠዋት ያለው እሑድን ነው። ይህን ለአረጋ የነገረው ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ኃይለ ማርያም በዚያ ሰዓት ሆቴሉ ውስጥ ነበር። ራስጌው ላይ ደግሞ «የመዝገብ ቁጥር» ይልና ቁጥሩ የለም። አረጋ ቁጥር ሳይሞላ የሚተው ሰው አልነበረም።

«አንደኛው ገበታ መጀመሪያም ባዶ ነበር?»

ሐምዳን በየአምስት ደቂቃው የተመዘገበውን አወጣ። «ስምንት ከሃምሳ ላይ ሁለተኛው ገበታ ነው የሚታየው። ስምንት ከሃምሳ አምስት ላይ ወደ አንደኛው ዞረዋል፤ የኃይለ ማርያም ክስ እዚያ ተከፍቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክሱ ተዘግቷል። ሁለተኛውን ማንም አልነካውም። የዘጋው ሰው ያ ገበታ ከኋላ እንዳለ አላወቀም።»

«ሰው መስለውኝ ነበር» ያለችው በጆሮዬ መጣ፤ ከድተውኛል ማለቷ ነበር። ፍርድ ቤት የላከላት ክስ ላይ የጸሐፊው ስም የለም። ክሱን አረጋ እንደጻፈው የት አየች?

«ኢንስፔክተር» አለኝ ሐምዳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመልሱ ሥር ሌላ መስኮት አለ።»

መልሱን ወደ ጎን ገፋው። አጭር ወረቀት ነው። አነበብኩት። ከዚያ አትምልኝ አልኩት።

*

ሐምዳንን በዚያኑ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለቀቅሁት። እናቱ ምሳውን በፌስታል ይዛ ግቢው በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ አልኳት። «አብሽሪ» አለችኝ፤ ግን አላየችኝም። ልጇን ክንዱን ይዛ ወጣች።

ባንችይርጋ ሳንፈልጋት መጣች። ከገነተ ማርያም በሚመጣው የመጨረሻው ሚኒባስ ወርዳ፣ የጣቢያውን በር በእጇ ገፍታ ገባች። የላሟን ገመድ ለጎረቤት አስረክባ እንደመጣች ነገረችኝ።

«ልጁን ፍቱት» አለች።

«ተፈቷል። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። እንባ የለም፤ ደርቃለች።

«እሑድ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለምኛቸው ነው ሱቁን የከፈቱልኝ። መጥሪያውን ቤት ረስቼው ነበር» አለች። «መልሱን አነበቡልኝ፤ ደስ አለኝ። የመዝገብ ቁጥሩን ሲጠይቁኝ ረሳሁት አልኳቸው። ግድ የለም፣ እኔ ጋ አለ አሉ። እሳቸው ጋ እንዴት ይኖራል ብዬ ሳላስብ ገጹን ገለበጡት። ክሱ መጣ። ያው የተላከልኝ ነው፤ ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ። ‹በሟች ቤት በገረድነት ስታገለግል የነበረች› የሚለው። እርስዎ ነዎት የጻፉት? አልኳቸው። አዎ፣ ሥራዬ ነው አሉኝ። ዘወር ሳይሉ፣ ቁጥሩን እየቀዱ።»

«ከዚያስ?»

«እትዬ፣ ሠርጌ ላይ ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ፈርመዋል። ከፈረሙት ሰዎች የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ገረድ እንዳልሆንኩ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።» እጇን ጭኗ ላይ አየችው። «ብረቱ በሩ ጋ ነበር። አንድ ጊዜ ነው የመታኋቸው። ከዚያ ያ ጽሑፍ ከሬሳው ፊት ለፊት በርቶ እንዳይቀር ብዬ፣ ስልክ ላይ እንደማደርገው ያቺን የመዝጊያ ምልክት ነካኋት። ጠፋ። በሩን ገጥሜ ወጣሁ።»

ቃሏን ጻፍኩና አስፈረምኳት። ሥራዬ እዚያ ላይ አልቋል። ወረቀቱን ላሳያት አልተገደድኩም። ሳላሳያት ግን መተው አልቻልኩም፤ ፍርድ ቤት ላይ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከኔ ትስማው ብዬ ነው፤ ወይም ብቻዬን መሸከም ከበደኝ። ከመሳቢያዬ አውጥቼ ፊቷ አኖርኩት።

በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች።

«እኔ አረጋ የከሳሽን ክስ በጸሐፊነት ሥራዬ የጻፍኩ ብሆንም፣ ተከሳሿ ባንችይርጋ ለሟች በሥርዓት የተዳረች ሚስቱ መሆኗን በሠርጋቸው ቀን ተገኝቼ፣ በምስክርነት ፈርሜ አውቃለሁ። ይህንኑ ቃሌን ከተከሳሿ መልስ ጋር አያይዤ የማቀርብ ሲሆን፣ በችሎት ቀርቤም እመሰክራለሁ።»

ጨርሳ መልሳ ከላይ ጀመረች። ሁለተኛ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ይኼ የት ተገኘ?»

«እዚያው ኮምፒውተር ላይ። ከመልስሽ ሥር።»

«እዚያ እያለሁ ነበር?»

«ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«አላውቅም። ቁጥሩን ከሞላ በኋላ ሊያሳይሽ ይሆናል።»

ደጅ ላይ ተረኛው ፖሊስ በሩን ሲዘጋ ሰማን። ወረቀቱን በሁለት እጇ አነሳችው፤ እንዳይጨማደድ ጠርዙን ብቻ ነው የያዘችው።

«አሁን ይኼን ፍርድ ቤት ይቀበለኛል?» አለችኝ። «ቤቱን ቢያስቀርልኝ፣ ለእህቴ ልጅ ይሆናታል።»

ከወረቀቱ ግርጌ «ፊርማ» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለውን ባዶ መስመር አሳየኋት። ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች።